በሥዕሉ ግርጌ ያለችው ሴት

ሀብተ ሚካኤል ሚስቱን የሚያያት በዓመት ውስጥ በጥቂት በዓላት ብቻ ነበር። ሠርካለም ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ መቃብሯ ከዳባት ወጣ ብሎ በሚገኘው የማርያም ደብር ቅጥር ውስጥ ነው። ፊቷ ደግሞ ከመቃብሯ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተሰቀለ አንድ ሥዕል ግርጌ ይገኛል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ከእግሯ ሥር ነጭ ሻሽ ያሰረች ሴት ተንበርክካ ሁለት እጆቿን ዘርግታለች። ከሴቲቱ አጠገብ በቀይ ቀለም «ዘከመ ተማኅፀነት ወለተ ሥላሴ» ይላል፤ ወለተ ሥላሴ እንደ ተማጠነች ማለት ነው። ወለተ ሥላሴ የሠርካለም የክርስትና ስም ነው።

ሥዕል ያሠራ ሰው ከቅዱሱ እግር ሥር ተሥሎ ስሙ እንዲጻፍለት ማድረግ የአገሩ የቆየ ልማድ ነው። ሠርካለም ሥዕሉን ያሠራችው ልጅ ለመለመን ነበር። ሌላው ሰው ስእለቱን የሚያገባው የለመነው ከደረሰለት በኋላ ነው፤ እሷ ግን አስቀድማ ሰጠች። ልጁ አልመጣም። በሥዕሉ ላይ የተዘረጉት እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ፤ ሠርካለምም ሳንባዋን ታማ በአንድ ክረምት ሞተች። ሁለት ፎቶግራፎች ነበሯት፤ አንዱ የሠርጓ፣ ሌላው መታወቂያዋ ላይ ያለው። ሁለቱም በአንድ ሣጥን ውስጥ እንደተቀመጡ በጦርነቱ ዓመት ከቤቱ ጋር ተቃጠሉ። አዲ አርቃይ የምትኖረው ታላቅ እህቷ የሺወርቅም አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልነበራትም። ከዚያ በኋላ ሠርካለም ምን ትመስል እንደነበር የሚመሰክር ነገር ያ ሥዕል ብቻ ሆነ።

ሥዕሉ መጋረጃ አለው። መጋረጃው የሚገለጠው በእመቤታችን በዓላት ነው። ያን ዕለት ሀብተ ሚካኤል ማልዶ ይሄድና በወንዶች በኩል ከአንድ ምሰሶ አጠገብ ይቆማል። ቅዳሴው ይረዝማል፤ እህል ሳይቀምስ ሰዓታት ቆሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ ዲያቆኑ መጋረጃውን ሲስበው ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ በጧፉ ጭስና በሰው ትከሻ መካከል ያ ፊት ብቅ ይላል። ትልልቅ ዓይኖች፣ ወደ ግራ ዘንበል ያለ አንገት፣ በአንገቱ ላይ ሰማያዊ የንቅሳት መስመሮች። ሀብተ ሚካኤል በጥቂት ቅጽበት ውስጥ የቻለውን ያህል ያያል፤ ከዚያ መጋረጃው ይመለሳል። ወደ ቤቱ ሲሄድ ያ ፊት መንገዱን ሁሉ አይለየውም። እስከሚቀጥለው በዓል ይበቃዋል።

ይህን ታማኝነት የደብሩ ሰዎች ያደንቁታል። እኔ አድናቆቴን እቆጥባለሁ፤ ምክንያቱም ሠርካለም በሕይወት ሳለች መጋረጃ አልነበራትም። በየቀኑ በፊቱ ነበረች። ሀብተ ሚካኤል ወፍጮ ቤት አለው። ሞተሩ ሲነሣ ጆሮ አይሰማም፤ ዱቄቱ ሲቦን ዓይን አጥርቶ አያይም። ሠርካለም ምሳውን ይዛ ስትመጣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይቀበላታል፤ ዓይኑ ግን እህሉ ከሚወርድበት አፍ አይነሣም። ማታ ሲገባ ደክሞታል። አልሰደባትም፤ አልመታትም፤ ሰክሮም አልገባባትም። ይህን እንደ ትልቅ በጎነት የሚቆጥሩለት ብዙዎች ናቸው። ክፉ አለማድረግ ግን መልካም ከማድረግ ጋር አንድ አይደለም። እሱ ያደረሰባት በደል ድምፅ የሌለው፣ ከሳሽም የሌለው ነበር፤ አላያትም።

ሥዕሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጠ ዕለት፣ ሁለቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ሠርካለም ነጠላዋን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ ከፊቱ ቆማ ነበር።

«እስኪ እውነቱን ንገረኝ፤ እኔን ትመስላለች?»

ሀብተ ሚካኤል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ዞር ብሎ፣ አሁን ያየውን ሥዕል በልቡ መልሶ አየና፣ «ቁርጥ አንቺን!» አላት።

«ሂድ ወዲያ! እኔ እንዲያ ቆንጆ ብሆን ወፍጮ ቤት ምን እሠራ ነበር?» ብላ ሣቀች።

እሱም ሣቀ። መልሱን ከመስጠቱ በፊት ሥዕሉን ከሚስቱ ጋር አላስተያየም። ሚስቱ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ቆማ ነበር።

ባለፈው ዓመት የደብሩ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረና እስኪታደስ ድረስ ሥዕሎቹ ወደ ደባርቅ ተወሰዱ። እዚያ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ተጠግኖ የሥዕልና የቅርስ ማሳያ ሆኗል፤ የከተማው ሰው ሙዚየም ይለዋል። በዚህ ምክንያት በዓላቱ ያለ ሥዕሉ አለፉ። ሀብተ ሚካኤል እንደ ልማዱ ከምሰሶው አጠገብ እየቆመ ባዶ ግድግዳ ሲያይ ዋለ። ደባርቅ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ሙዚየም ማለት ወደ ጨነቅ ተራራ የሚወጡ ፈረንጆች መንገድ ከመጀመራቸው በፊት የሚገቡበት ቤት ይመስለው ስለነበር ለመሄድ አልደፈረም። ወራቱ ሲረዝሙ አንድ ነገር አስፈራው። ፊቷ ከልቡ እየደበዘዘ ነበር። ንቅሳቱን ያስታውሳል፤ ሻሹን ያስታውሳል፤ የቀረው ግን እንደ ጭጋግ እየሳሳ ሄደ። ያ ፊት ከጠፋው ሠርካለም ሁለተኛ እንደምትሞት ተሰማው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ የምትሞተው በእሱ እጅ ነው።

በጥቅምት የወፍጮውን ድንጋይ የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ። ሀብተ ሚካኤል የተበጠሰውን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ደባርቅ፣ ወዳጁ ካሚል መለዋወጫ ሱቅ ሄደ።

ካሚል ቺንጋውን ዘርግቶ አየና፣ «አያ ሀብቴ፣ ይህንን በጥርስህ ነው የበላኸው?» አለው።

«አርጅቶ ነው።»

«አንተም አርጅተሃል፤ መች ተበጠስክ? በል፣ ልኩ እዚህ የለም። ከጎንደር በሚመጣው መኪና አስጭንልሃለሁ፤ ከቀትር በኋላ ይደርሳል። እስከዚያ ግን እዚህ ተቀምጠህ ደንበኞቼን ዱቄት አታልብስብኝ።»

«የት ልሂድልህ?»

«ሙዚየም ሂድ። ሳጂዳ እዚያ ናት። የካሚል ወዳጅ ነኝ ካልካት በነፃ ታስገባሃለች።» ቆም ብሎ ፈገግ አለ። «ባትላትም በነፃ ነው።»

ሀብተ ሚካኤል ከሱቁ ሲወጣ እግሩ ቀለለው። ሠርግ ቤት እንደሚሄድ ሰው ጋቢውን አራገፈ፤ በመንገድ ዳር ቧንቧ ፊቱን ታጠበ።

ማሳያው በር ላይ ሲደርስ ጫማውን አወለቀ። አማትቦ መቃኑን ሊሳለም ጎንበስ ሲል፣ መሐረብ ያሰረች ወጣት ከውስጥ ሮጣ ወጣች፤ የካሚል ልጅ ሳጂዳ ነበረች።

«ኧረ አባባ፣ እዚህ ጫማ አይወለቅም!»

«ሥዕል ያለበት አይደለም ወይ?»

«ሥዕልማ ሞልቷል።»

«እንግዲያው!» አለና ጫማውን ከግድግዳው ሥር አስጠግቶ በባዶ እግሩ ገባ።

«ሲሚንቶው እኮ ይበርድዎታል። የአባዬ ወዳጅ ነዎት አይደል? ነገ ቢያስነጥስዎት አባዬ የሚቆጣው እኔን ነው» እያለች ተከተለችው።

አዳራሹ አሁንም ጥቂት የእህል ሽታ ነበረው። ከጣሪያው የወረዱ አምፖሎች በግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ እኩል ያበራሉ። ሥዕሏን ለማግኘት አልተቸገረም፤ ከሩቁ ለያት። ተጠግቶም ግራ ተጋብቶ ቆመ።

«መጋረጃው የታለ?»

«ሙዚየም ነው እኮ አባባ። በመጋረጃ ከሸፈንነው ሰው ምን ያያል?»

በመጀመሪያ ደስ አለው። በሰው ትከሻ መካከል መንጠራራት የለም፤ መጋረጃውን የሚመልስ ዲያቆን የለም። ሳጂዳ በርጩማ አምጥታለት ከሥዕሉ ፊት ተቀመጠ፤ ዓመታት ሙሉ በቅጽበት እየነጠቀ ያየውን ፊት እስኪጠግብ ያይ ጀመር። አንድ ቀን እንኳ በሕይወት ሳለች እንዲህ ተቀምጦ አላያትም። ይህ ሐሳብ ያን ጊዜ ወደ እሱ አልመጣም፤ ሊመጣ ግን ተቃርቦ ነበር።

ጠግቦ ማየት ያሰበውን ያህል አልጠቀመውም። ከቆይታ በኋላ ቅንድቧ አንድ የቡርሽ ጭረት መሆኑን አየ። ጣቶቿ ሁሉ እኩል ናቸው። በጉንጯ ላይ ቀላ ያለችው ቀለም ከመስመሯ አልፋ ሻሹን ነክታለች። እነዚህን ነገሮች በደብሩ ውስጥ አይቷቸው አያውቅም፤ የሚርገበገበው የጧፍ ብርሃን፣ የተራበ ሆድና የዛለ ጉልበት አላሳዩትም ነበር። ሥዕል ሰውን የሚማርከው በቀለሙና በሠዓሊው እጅ ነው ብለው የሚጽፉ ሊቃውንት አሉ። ለሥዕሉ ያልቆመ፣ ያልጠበቀ፣ ያልተራበ ሰው ከሥዕል የሚወስደው ቀለሙን ብቻ እንደሆነ ለማየት ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት መቀመጥ በቂ ነበር። ሦስት ወጣቶች ገብተው በየሥዕሉ ፊት በስልካቸው ራሳቸውን አነሡ፤ ለአንዱም ሥዕል ፊታቸውን አልሰጡትም፤ ጀርባቸውን እንጂ። ከዚያ እየተሣሣቁ ወጡ።

ሳጂዳ ሀብተ ሚካኤል ከበርጩማው አልነሣ ሲል ወደ እሱ ቀረበች።

«እርስዎንም ያዘዎት አይደል? ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ ይህ ሥዕል ምኑ ነው የሚይዘን ይሉኛል።»

«ምን ትያቸዋለሽ?»

«ዓይኑ ነው እላቸዋለሁ። በዚህ አሣሣል ጻድቅ ሰው ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ሰይጣንና ከሓዲ ግን በጎን ስለሚሣሉ ያላቸው አንድ ዓይን ነው። እኛ የምናያቸው ይመስለናል እንጂ የሚያዩንስ እነሱ ናቸው። የሚይዘን እሱ ነው።»

«እሷም ታየኛለች?»

«ታይዎታለች እንጂ!»

ሀብተ ሚካኤል ተነሣ። ወደ ቀኝ ሄዶ ቆመ፤ ወደ ግራ ሄዶ ቆመ፤ ዝቅ አለ። ዓይኖቿ ሁለቱም ይታያሉ፤ እሱን ግን አያዩም። ወደ ላይ፣ ወደ እመቤታችን ተሰቅለዋል። የሚያዩትን ዓይኖች ለመፈለግ ወደ ኋላ እየራቀ ሲሄድ ጀርባው ሌላ ሥዕል ሊነካ ደረሰ፤ ሳጂዳ «ቀስ!» ብላ ክንዱን ያዘችው። ዞር አለ።

ከኋላው ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከፈረሱ ኮቴ ሥር ሠርካለም ተንበርክካ ሁለት እጆቿን ዘርግታለች።

ነጭ ሻሽ፣ ወደ ግራ ዘንበል ያለ አንገት፣ ሰማያዊ የንቅሳት መስመሮች። ሀብተ ሚካኤል ተጠግቶ አያት። ወደሚቀጥለው ሥዕል ሄደ፤ ስቅለት ነው፤ ከመስቀሉ ግርጌ ሠርካለም አለች። ወደሚቀጥለው ሄደ፤ ቅዱስ ሚካኤል ነው፤ ከእግሩ ሥር ሠርካለም አለች። ሥዕሎቹ ከዳባትና ከደባርቅ ዙሪያ ካሉ ልዩ ልዩ አድባራት የመጡ ናቸው።

«ይህ ሰውዬ ሚስቴን ይዞ በየደብሩ ዞሯል!» ብሎ ጮኸ።

«ማን አባባ?»

«ሠዓሊው ነዋ! መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ! እኔ ቤት አንድ ሰሞን እየዋለ እህልና ውኃዬን ቀምሷል። ምን ቢያስብ ነው በየቦታው የሚሥላት? ምን ነበረው ከሷ ጋር?»

ሳጂዳ መጀመሪያ ሣቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ፊቱን አይታ ዋጠችው። መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ በአካባቢው ብዙ የሣለና አርጅቶ የሞተ ሰው ነው፤ ሙት ለዚህ ክስ መልስ አይሰጥም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሀብተ ሚካኤል ቁጣ ውስጥ ደስታ መኖሩ ነበር። ሚስቱን ሌላ ሰው ይህን ያህል አይቷት ከሆነ፣ ፊቷ በእውነት ተይዞ ቀርቷል ማለት ነው።

«ሌሎች ሴቶች ናቸው እኮ አባባ። ስማቸው ተጽፏል። ይኸው ወለተ ኪዳን፤ ያችኛዋ ወለተ ጻድቅ።»

«ስም ለውጦ ነው! ሚስቴን አላውቃትም?»

ሳጂዳ ጥቂት አሰበችና፣ «ባለቤትዎ መቼ ነው የተወለዱት?» አለችው።

«በአብዮቱ ዓመት።»

ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ወስዳ በጠርዙ ላይ ያለውን ጽሕፈት በጣቷ ሳትነካ አሳየችው። «ይህ የተሣለው በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። መሪጌታ ገና ወጣት ሳሉ። ባለቤትዎ አልተወለዱም ነበር።»

ሀብተ ሚካኤል ቁጥሩን አየ፤ ከዚያ ፊቱን አየ።

«ታዲያ ይህች ማን ናት?»

«ማንም አይደለችም» አለች ሳጂዳ። «ስታይሉ ነው። ከመምህራቸው የወረሱት ፊት ነው፤ ሥዕል ላሠራች ሴት ሁሉ ይህንኑ ይሥላሉ። ይህ እኮ ነው ደስ የሚለው! አንድ ፊት፣ ስንት ሴት!»

በክፋት አልተናገረችውም። የተማረችው እንዲያ ነው፤ የተናገረችውም እውነት ነው። እውነትን ለማን እንደሚናገሩት ሳያዩ መናገር ግን የተማሩ ሰዎች የተለመደ ጉድለት ነው፤ ሳጂዳም ከዚህ ጉድለት አላመለጠችም። ሠዓሊውን ግን ማንም ሊከሰው አይገባም። መሪጌታ የሠርካለምን መልክ እሥላለሁ ብሎ ለማንም ቃል አልሰጠም። የሣለው ልመናውን ነው፤ ለማኟን የሚያውቃት ፈጣሪዋ ስለሆነ መልኳ አላስፈለገውም። መልኳን የማወቅ ግዴታ የነበረበት ሰው ሌላ ነው፤ እሱም በዚያ ሰዓት በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ነበር።

ሀብተ ሚካኤል ጫማውን አጥልቆ ወጣ። በማሳያው አጥር ሥር ተቀምጦ ስልኩን አወጣና አዲ አርቃይ ደወለ።

«እትዬ የሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ደኅና ዋልሽ አይቀድምም? ምን ሆነሃል፣ ድምፅህ ጠፍቷል።»

«የሠርካለም ንቅሳት፤ የአንገቷ። ስንት መስመር ነበር?»

ከየሺወርቅ በስተጀርባ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«የምን ንቅሳት?»

«የአንገቷ ነዋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ በቀን ጠጥተሃል? ሠርኬ መች ተነቅሳ ታውቃለች! እኔ ስነቀስ አንገቴ አብጦ ልሞት ስል አባታችን እሷን ከለከላት። በዚህ ነገር ስትነጫነጭብን ነው ያደገችው። ላንተ አልነገረችህም?»

ነግራው ይሆናል። ሞተሩ ተነሥቶ ይሆናል።

«ሌላስ?» አለ። «እስኪ ፊቷን ንገሪኝ።»

«ፊቷን ልንገርህ?»

«ንገሪኝ፣ እትዬ።»

የሺወርቅ ማብራራት የማትፈልገውን ነገር እንደተጠየቀች ሰው እየተቆጠበች ጀመረች። ሠርካለም ፊቷ ክብ ነበር፤ ጠቆር ያለች ናት። በልጅነቷ ከአጥር ላይ ወድቃ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ነበራት፤ እዚያ ቦታ ጠጉር አይበቅልም። ጥርሷ ፍንጭት ነው። በፍንጭቷ ታፍር ስለነበር ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። እየተናገረች ስትሄድ የሺወርቅ ድምፅዋ ሞቀ፤ አንድ ጊዜም ራሷ ሣቀች።

«ያን እጇን አታስታውሰውም? በሠርግሽ ዕለት እንኳ አፍሽን ሸፍነሽ ዋልሽ እያልን ስንስቅባት?»

«አዎ» አለ ሀብተ ሚካኤል።

«ጠባሳዋንስ?»

«አዎ።»

«ሀብቴ፣» አለችው፣ አሁን ቀስ ብላ፣ «ያን ሁሉ ዘመን ምን ስታይ ነበር?»

ስልኩን ዘግቶ ክብ ፊት፣ ጠባሳ፣ ፍንጭት፣ አፍ የሸፈነ እጅ በልቡ ሊገጣጥም ሞከረ። ለየብቻቸው ቃላት ናቸው፤ ፊት አይሆኑለትም። የተፈጨን እህል መልሶ ፍሬ ሊያደርግ እንደተነሣ ሰው ሆነ። ባሰባት ቁጥር ከዱቄቱ ውስጥ የምትነሣው ያችው ናት፤ ነጭ ሻሽ ያሰረችው፣ ባለ ንቅሳቷ፣ ማንም ያልሆነችው። ዓመታት ሙሉ በየበዓሉ እየሄደ ሚስቱን ያስታወሰ መስሎት፣ በየበዓሉ ጥቂት በጥቂት ሲያጠፋት ኖሯል። ረስቷት ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንዳች ነገር በተረፈለት ነበር።

ካሚል ሱቅ ሲመለስ ቺንጋው ደርሶ ነበር። ካሚል ልኩን እያመሳከረ፣ «እህስ፣ ወደድከው?» አለው።

«ካሚል፣ ሥዕል ምኑ ነው ሰውን የሚይዘው?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? እኛ ቤት ሥዕል የለም።»

«እናትህን ታዲያ በምን ታስታውሳታለህ?»

«እናቴን?» ካሚል ቺንጋውን ጠቅልሎ አስረከበው። «ስትቆጣኝ ነዋ! ቁጣዋ ከየት በኩል እንደሚመጣ ለማወቅ ፊቷን ሳጠና ነው ያደግሁት። የቀኝ ቅንድቧ ከፍ ካለ መሮጥ ነው። ዛሬም ዓይኔን ብከድን ያን ቅንድብ አያለሁ።»

ሀብተ ሚካኤል ከሱቁ ወጥቶ ወደ ዳባት የሚሄደው መኪና ውስጥ ገባ። ሠርካለም ተቆጥታው አታውቅም፤ ወይም ተቆጥታ እንደሆነ በፊቷ ላይ ማንበብ የሚገባው ሰው አላነበበውም። ከጎኑ የተቀመጠች ሴት ዶሮ ይዛ ነበር። መንገዱን ሙሉ የሴትዮዋን ፊት ለማጥናት ሞከረ፤ ዳባት ወርዶ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ግን ምን ትመስል እንደነበር አላስታወሰም። ሳይሠራበት የኖረ ዓይን በአንድ ቀን አይማርም።

በኅዳር የደብሩ ጣሪያ ተጠናቀቀና ሥዕሎቹ ተመለሱ። በኅዳር ጽዮን ዕለት ሀብተ ሚካኤል ከምሰሶው አጠገብ ቆመ። እንዳይሄድ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ቢቀር ሰው ለምን ቀረህ ይለዋል፤ ምክንያቱን ለመናገር ደግሞ ድፍረት ያስፈልጋል። ቅዳሴው ረዘመ። ዲያቆኑ መጋረጃውን ሳበው፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበተን፣ መጋረጃው ገና ሳይመለስ፣ ሠርካለምን ከልጅነቷ የምታውቃት አሮጊቷ አመተ ማርያም መቋሚያዋን ተደግፋ ወደ እሱ መጣች።

«እሰይ ሀብቴ፣ ሠርኬ ተመለሰችልህ! እያት እስኪ፣ ቁርጥ እሷን አይደለችም?»

ሀብተ ሚካኤል ወደ ሥዕሉ ቀና አለ። በዚያ ቅጥር ውስጥ ሠርካለምን የሚያውቋት፣ አብረዋት ውኃ የቀዱ፣ ስትስቅ ያዩአት ሴቶች ገና አልሞቱም። አይደለችም፣ እሷ ንቅሳት አልነበራትም፣ እናንተ የምታስታውሱትን ንገሩኝ ቢላቸው፣ ምናልባት ከብዙ አፍ ተሰብስቦ አንዳች ፊት ይቆም ነበር። አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈን ከፈት እያደረገች ትጠብቀዋለች።

«አዎ፣» አላት። «ቁርጥ እሷን።»

ለሚስቱ የሰጣት መልስ ይኸው ነበር፤ ያን ጊዜ ባለማየት፣ አሁን እያወቀ።

አመተ ማርያም ረክታ ሄደች። ዲያቆኑ መጋረጃውን ሊመልስ ጫፉን ሲይዝ፣ ሀብተ ሚካኤል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀርቦ በሥዕሏ ፊት ላይ ፍንጭት ጥርስ ፈለገ። የሥዕሏ አፍ የተዘጋ ነው። እጆቿም ሁለቱም እንደተዘረጉ ናቸው፤ አንዱም ወደ አፏ አልሄደም።